«ኪቦርዱ ቤዝ አለው፤ አንተ ለምን መጣህ?»

ባለ አራት ክር — መስከረም 3፣ ምሽት 2፡40

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። አንድ ሰው ጠይቆኝ መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው የበዓል ግብዣ ላይ ተጫውተን ነበር። አምስት ነን፤ ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታር፣ ድምፃዊት፣ በቤዝ ጊታር ደግሞ እኔ። የራሳችን የምንለው ዘፈን የለንም፤ የምንጫወተው የታወቁ ድምፃውያንን ሥራ ነው። ሠርግ፣ ምረቃ፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ የጠራን ሁሉ ጋ እንሄዳለን። ቀን ቀን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ።

ከደሴ የወጣነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሚኒባሱ ከእግረኛ እኩል ነበር የሚወርደው። ታች ስንደርስ ደግሞ ፀሐይ። ደሴ ቃኝቼ የዘጋሁበትን ጊታር ከሳጥኑ ሳወጣው ሙቀቱ አራቱንም ክሮች አላልቷቸው ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ የሚወርድ ሰው ካለ ላይ ቃኝቻለሁ ብሎ እንዳይተማመን ብዬ ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

አዳራሹ በር ላይ ወረቀት የያዘ የሒሳብ ክፍል ሰው እያንዳንዳችንን ከነመሣሪያችን ቆጠረን። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»
«ቤዝ ጊታር።»
«ኪቦርዱ ቤዝ አለው አይደል? አምና የመጣው ልጅ ብቻውን ነው ሁሉንም የተጫወተልን። አንተ ለምን መጣህ?»

አልሰደበኝም። የሽንኩርት ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብሎ ነው የጠየቀኝ። ከተስማማንበት 40,000 ብር ላይ የእኔን 8,000 መቀነስ ፈልጎ ነው። ድምፃዊታችን ተከራክራ አስቀረችው። እኔ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም።

የሥራ አስኪያጁ ንግግር፣ የምስጉን ሠራተኞች ሽልማት፣ ዕጣ አለፈና መድረክ ላይ ስንወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። የእኛ ኪቦርድ ተጫዋች ለዓመታት ብቻውን ሠርግ የሠራ ሰው ስለሆነ ግራ እጁ ሥራ መፍታት አይወድም። ቤዙን እሱም ይጫወታል፣ እኔም እጫወታለሁ፤ ከሁለታችን የሚወጣው ድስት ውስጥ የሚንተከተክ ገንፎ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፍቶ ወደ ጀነሬተር ሲዞር ደግሞ የማያባራ እምምም የሚል ድምፅ ተጨመረበት። ሰባተኛው ዘፈን ላይ እጄን ከክሩ አነሣሁና ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም ብዬ ቆምኩ። ዞሮ ያየኝ የለም። ከሰውየው ጥያቄ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው።

ሰውየው ትክክል ነበር እንዴ? እውነቱን ንገሩኝ።

በነገራችን ላይ የሠራተኛ ሰርቪስ ሊሄድ ነው ተብሎ በጥድፊያ ስንሰበስብ ስድስት ሜትር ኬብሌ ቀርቷል። አንዱ ጫፉ በቀይ ፕላስተር የታሰረ ነው።

ሐረጎ ጉም — መስከረም 3፣ ምሽት 2፡58

ድራም ተጫዋቹን እንዴት አለፉት? ኪቦርዱ እኮ ከበሮም አለው። ለገና ደግሞ ድምፃዊቷን «አንቺ ስልካችን ውስጥ አለሽ» ይሏታል፤ ጠብቅ።

ግራ እጅ — መስከረም 3፣ ምሽት 3፡25

ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፤ ስሜን አይታችሁ ገምታችኋል። የእናንተው ቡድን ግን አይደለሁም። ወንድሜ፣ አብሽር፤ ግን እውነቱን ንገሩኝ ብለሃልና ልንገርህ።

ሰውየው ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ከወጡት ካሴቶች ብዙዎቹ ላይ ቤዙ የተቀዳው በኪቦርድ ነው። አንተ በክር የምትጫወተው መጀመሪያውኑ በክር ያልተጫወቱትን ነው። አራት ክር ያለው ጊታር ወፍራሙ ክር ላይ ሚ ሲደርስ ያበቃል፤ የእኔ ኪቦርድ ከዚያ በታችም ይወርዳል። ዘፈኑ ሬ ፍላት ላይ ሲያርፍ አንተ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ትሸሻለህ፤ አድማጩ ምክንያቱን ባያውቀውም ከእግሩ ሥር የሆነ ነገር እንደተነሣ ይሰማዋል።

ገንዘቡንም እናስበው። አንድ ሠርግ ብቻዬን ሠርቼ 15,000 ብር ይከፈለኛል። ያንኑ ለአምስት ብንካፈለው ለየራሳችን ሦስት ሺህ ነው፤ የሚኒባሱ ሳይነሣ። ልጆች አሉኝ። ግራ እጄ ሥራ መፍታት የማይወደው ለዚህ ነው።

ባለ አራት ክር — መስከረም 3፣ ምሽት 3፡41

የሬ ፍላቱን አልክድም። እንዲህ ዓይነት ዘፈን ሲመጣ ወፍራሙን ክር እስከ ሬ አላላዋለሁ፤ ከዚያ በታች ግን የልብስ ማስጫ ገመድ ሆኖ ጣት ላይ ይንቀጠቀጣል። ባለ አምስት ክር ያስፈልገኛል፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ባለ አራቱ ራሱ ይበዛብኛል።

ጥያቄዬ ስለ ገንዘብ አልነበረም። ገንዘቡ ተከፍሎኛል።

ገመድ ጠምጣሚ — መስከረም 4፣ ጠዋት 1፡15

ኮምቦልቻ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ያን ቀን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን እምምም ያልከውን እንደ ልጄ ለቅሶ ለይቼ አውቀዋለሁ።

የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይነዝራል ማለት ነው። ወፍራሙ ክርህ ላይ ሦስተኛውን ፍሬት ስትይዝ የሚወጣው ሶል 49 ሄርዝ ነው። ጀነሬተሩ በትክክል ከዞረ ሁለቱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ይጋጫሉ። እስቲ አስታውስ፤ ሶል ይዘህ ስትቆይ ድምፁ ዋ… ዋ… ዋ… እያለ አይወዛወዝም ነበር? ምድጃውና መብራቱ በአንድ ጊዜ ሲበራ ደግሞ ጀነሬተሩ ይደክማል፤ እምምም ራሱ ቅኝቱን ይለቅቃል። ከዚያ ጋር ተስማምቶ የሚጫወት ቤዝ ተጫዋች የለም።

አንዳንዱ ልጅ ይህን ለማጥፋት የሶኬቱን የምድር መስመር ይቆርጣል። በፍጹም እንዳታደርጉት፤ በአንድ እጁ ክር፣ በሌላው ማይክሮፎን የያዘ ሰው ሊሞት ይችላል። ቤዙን በዳይሬክት ቦክስ (ጊታሩን ከሚክሰሩ በምታገናኘው ትንሽ ሣጥን) አስገቡና እሱ ላይ ያለችውን የድምፅ መስመሩን ምድር ብቻ የምትለይ ማብሪያ ተጠቀሙ፤ የተሠራችው ለዚሁ ነው። የመድረኩን መሥመር ከወጥ ቤቱና ከመብራቱ ለዩት። ትልቁን ስፒከር አዳራሹ ጥግ ላይ አትለጥፉ፤ ቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ ባለበት አዳራሽ ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ቤዙን ያጎላው ይመስላል፣ የሚያጎላው ግን ጉርምርምታውን ነው።

ገንፎ ላልከው መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሚክሰሩ ላይ የኪቦርዱን መስመር ከ120 ሄርዝ በታች ይቁረጡለት። ሰውየውን ሳትነኩ ግራ እጁን ከአዳራሹ ታስወጡታላችሁ።

ግራ እጅ — መስከረም 4፣ ጠዋት 1፡32

አየሁህ።

ባለ አራት ክር — መስከረም 4፣ ጠዋት 1፡50

ሶል ላይ መወዛወዙ እውነት ነው! ጊታሬ ተበላሽቷል ብዬ ቤቴ ስገባ ሦስተኛውን ፍሬት በፋይል ልሞርደው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥህ።

የድሮ ኪነት — መስከረም 4፣ ቀን 6፡10

የልጅ ልጄ ናት ይህን ገጽ ከፍታ ያሳየችኝ፤ የምናገረውን የምትጽፈውም እሷ ናት።

በደርግ ጊዜ በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ያኔ የምንማረው ከካሴት ነው። የአይቤክስና በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን ጆቫኒ ሪኮን እያዳመጥን፣ አንዲቷን ቦታ መቶ ጊዜ እየመለስን። ባትሪው ሲደክም ቴፑ ቀስ ይላል፣ ድምፁም ይወርዳል። አንድ ዘፈን ሙሉውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገን አጥንተን ድምፃዊው መድረክ ላይ ድምፁ ታች አልደርስልህ ብሎት በሕዝብ ፊት ተቸግሯል። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ባትሪ ገዛህ ወይ ይለኛል።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ምሽት አምባሰል ተጫወታችሁ? ከተጫወታችሁ የኪቦርዱ ግራ እጅ የት ላይ ነበር?

ባለ አራት ክር — መስከረም 4፣ ምሽት 1፡05

ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?

ይህን ያልጻፍኩት ከጥያቄዬ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፃዊታችን በአምባሰል የሚዜም አንድ ዘፈን ጀመረች። ዜማው የሚያርፈው ዶ ላይ ነው። ኪቦርዱ ግራ እጁን ፋ ላይ አሳረፈ፤ እኔም ተከተልኩት። የሚጋጭ ድምፅ አልነበረም፤ ሁሉም ልክ ነው። ግን ሰዉ ይበላል። ኮምቦልቻ ውስጥ አምባሰል እየተዘፈነ ሰው ሹካውን አላስቀመጠም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፋን ትቼ ዶ ላይ ሄድኩና እዚያው ቀረሁ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም፤ ዶ፣ ረዘም አድርጌ፣ አልፎ አልፎ ሶል። ኪቦርዱ ጥቂት ጊዜ ፋ ላይ ቆየ፤ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ብድግ አሉ። አልጨፈሩም፤ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ ዞረ።

ድምፃዊቷ ስለተመቻት መስሎኝ ነበር።

የድሮ ኪነት — መስከረም 5፣ ጠዋት 3፡20

እሷም ተመችቷት ይሆናል። የተመቻት ግን አንተ መሬት ስለሰጠሃት ነው።

ጊታርህን አንሣና ሞክረው። አምባሰልን ከዶ ብትነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳትጨምርና ሳትቀንስ ከፋ ጀምረህ ቁጠራቸው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ ምንድን ነው? ትዝታ ማይነር። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት ማረፊያቸው ላይ ነው። ድምፃዊቷ አምባሰል ስትዘፍን ከሥር ፋ ካስቀመጥክባት አዳራሹ የሚሰማው ትዝታ ማይነር ነው። ስህተት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። የወሎ ሰው ደግሞ በሌላ በሌላው ቢታለል በዚህ አይታለልም። አምባሰል ከደሴ በላይ ያለ አገራችን ነው፤ ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወረድ ብላ ናት። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የተጠሩት በእኛ አገር ስም ነው። ማሪቱ ለገሠን እየሰማ ያደገ ሰው ምን እንደጎደለ ሊነግርህ አይችልም፤ መብላቱን ግን አያቆምልህም።

ለጊታር ተጫዋቻችሁም ንገረው። አምባሰል ላይ ዶ ማይነር ኮርድ ከያዘ ሚ ፍላት ትገባለች፤ ሚ ፍላት አምባሰል ውስጥ የለችም። ብዙ ልጆች የሚያበላሹት እዚያ ላይ ነው።

የሒሳብ ክፍሉ ሰው ለጠየቀህ እኔ መልስ አልሰጥህም። ጳጉሜን 4 ማታ ሰጥተኸዋል፤ እሱ ያልሰማው እየበላ ስለነበር ይሆናል።

የሰኞ ገበያዋ — መስከረም 5፣ ቀን 7፡45

ድምፃዊት ነኝ፤ የእነሱ ቡድን አባል አይደለሁም። አንዴ በሠርግ፣ አንዴ በሆቴል፣ ሁለቱንም ዓይነት ሠርቻለሁ።

መድረክ ላይ የራሴን ድምፅ የምሰማበት ስፒከር የሚሰጠኝ ከአሥር ሥራ በአንዱ ነው። የቀረውን ጊዜ ድምፄን የምቃኘው ከእንጨቱ ወለል በጫማዬ በኩል በሚመጣው ቤዝ ነው። ሳቁ ብትፈልጉ፤ ስለዚህ ነው ለሥራ ስሄድ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ የማላደርገው።

ሌላም አለ። ሰው ሊሸልመኝ ሲመጣ ብሩን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው ግንባሬ ላይ የሚለጥፈው፤ ከኋላው ወንድሙ ይከተላል፤ ከወንድሙ ኋላ ሚዜው። ኪቦርድ ላይ የተሞላ ምት ይህን አያይም፤ ጊዜው ሲደርስ ወደ አዝማቹ ይገባል፤ እኔ አፌ ላይ መቶ ብር ተለጥፎብኝ አዝማች ያመልጠኛል። ቤዝና ድራም በሰው እጅ ሲሆኑ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። አንገቴን ነቅነቅ ሳደርግ አንድ ዙር ይጨምሩልኛል። ለዚህ ስንት ብር እንደሚከፈል አላውቅም።

ግራ እጅ — መስከረም 5፣ ምሽት 2፡15

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ቤት ውስጥ ሞከርኩት። በቀኝ እጄ ዜማውን፣ በግራዬ አንዴ ፋ፣ አንዴ ዶ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «አሁን የተጫወትከው ሌላ ዘፈን ነው?» አለችኝ። ሌላ ዘፈን አልነበረም።

እሺ፤ አምባሰሉን ተቀበልኩ። ግን ልብ በሉ፤ ዶ ላይ መቆየት ግራ እጄም ይችላል፤ አሁን አውቄዋለሁና። ልጁ ያን ምሽት ስንት ዘፈን ተጫወተ፤ ሃያ? ሃያ ሁለት? አንዱ አምባሰል ነበር። ለቀሩት ሃያ አንዱስ? ቺክቺካ ሲሆን ሰው የሚጨፍረው ለከበሮው ነው። አሁንም አላሳመናችሁኝም፤ የተሸለመችው እህቴ ግን ትንሽ አሳምናኛለች።

ባለ አራት ክር — መስከረም 5፣ ምሽት 2፡34

ቺክቺካ ላይ ከበሮው ብቻ ነው የምትለውን አልቀበልም። ስድስቱን ምት ድራሙ ሲከፋፍለው ሰዉ ትከሻው ይነቃነቃል፤ እግሩ መቼ እንደሚያርፍ የሚያውቀው ግን ከቤዙ ነው። የእኔ ስህተት ብዙ መጫወቴ ነበር። ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ጣቴ ይገባል። በዚያ ላይ የግራ እጁ ፍርሃት ስለነበረብኝ መኖሬን ለማሳየት ይበልጥ አበዛሁት። አምባሰሉ ላይ ነው ያነስኩት፤ ሰውም የሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

ኮሚቴ ነበርኩ — መስከረም 6፣ ቀን 5፡00

ከሌላው ወገን ላውራ፤ የበዓል ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚፈርደው።

ለሙዚቃ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ እንባላለን። አንዱ «ሙሉ ባንድ 40,000» ይላል፤ ሌላው «ኪቦርድ ከነድምፃዊ 18,000» ይላል። የሚፈርመው ሰው የሚያየው ቁጥሩን ነው። የክርስቲያኑ በግ ለብቻ፣ የሙስሊሙ በግ ለብቻ ይታረዳል፤ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ የተለየ ቢላና ድስት። አንድ ማንኪያ ከዚህ ወደዚያ ብታልፍ የዓመቱ ወሬ ትሆናለች፤ ደግሞም ልክ ናቸው። የማታ ፈረቃ ሠራተኛ በሰዓቱ መብላት አለበት። ሰርቪሱ ሦስት ሰዓት ላይ ካልወጣ ሾፌሮቹ የትርፍ ሰዓት ይጠይቃሉ። በዚህ መሐል «ቤዝ ጊታር» የሚል መስመር ሲታይ የሒሳብ ሰው ቢጠይቅ ኃጢአት አይደለም። ለእሱ ቤዝ ማለት ስፒከሩ ላይ ያለች ቁልፍ ናት።

ሐረጎ ጉም — መስከረም 6፣ ቀን 5፡12

እህቴ፣ ሰርቪሱ ሦስት ሰዓት ላይ መውጣቱን ባለ አራት ክር አልጻፈም። አንቺ ከየት አመጣሽው?

ኮሚቴ ነበርኩ — መስከረም 6፣ ቀን 5፡40

እሺ፤ የእኛ ግብዣ ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ ነው ያወቅኩት።

በሩ አጠገብ የቆሙት አዛውንት ከሽመና ክፍል ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። በየዓመቱ ግብዣ ይመጣሉ፤ ይበላሉ፤ ዕጣ ሳይወጣ ይሄዳሉ። ቆመው ሳያቸው ታመሙ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። እጄን ያዝ አድርገው «ተይኝ፣ ልስማበት» አሉኝ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውም አልበላም ነበር፤ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ጀነሬተሩ ናፍጣ ሊጨርስ ስለነበር ጀሪካን ፍለጋ ውጪ ነበር።

ባለ አራት ክር፣ ሰባተኛው ዘፈን ላይ ዝም ማለትህን ማንም ያላየው ለምን እንደሆነ ልንገርህ? የዶሮ ወጡ የወጣው ያኔ ነው።

ባለ አራት ክር — መስከረም 6፣ ቀን 6፡02

ዶሮ ወጥ ነበር እንዴ? እኛ ጋ የደረሰው ጥብስ ነው።

ኬብሌን ግን አላያችሁም?

ኮሚቴ ነበርኩ — መስከረም 6፣ ቀን 6፡30

አይተናል። ጽዳቶቹ አዳራሹን ሲያነሡ ከእኛ ማራዘሚያዎች ጋር ጠቅልለው መጋዘን አስገብተውታል። ቀይ ፕላስተር ያለበት እሱ ነው። ችግሩ የመጋዘን ኃላፊው ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ «ኬብል፣ ጥቁር፣ አንድ» ብሎ የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ቆርጦለታል።

ሐረጎ ጉም — መስከረም 6፣ ቀን 6፡33

እንኳን ደስ አለህ፤ ኬብልህ ቋሚ ሠራተኛ ሆኗል።

ባለ አራት ክር — መስከረም 6፣ ቀን 6፡41

ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። እንዴት ነው የማወጣው?

ኮሚቴ ነበርኩ — መስከረም 6፣ ቀን 7፡05

በሞዴል 22 ነው የሚወጣው። ማመልከቻ ጻፍና ይዘህ ና፤ ንብረቱ የአንተ ለመሆኑ አንድ ምስክር ያስፈልግሃል። ፈራሚው የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነው። ለምን እንደመጣህ መጠየቁ አይቀርም።